ከጎንደር ተነስቶ የትልቅ አንጀት ሰርጀን መሆን፦ ከሀይስኩል እስከ ፌሎሺፕ

ጎንደር ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ተማሪ አቁማችሁ «ስትጨርስ ምን ስፔሻሊስት ትሆናለህ?» ብትሉት ልብ ይላል፣ አንጎል ይላል፣ ሕፃናት ይላል። «ትልቅ አንጀትና ፊንጢጣ» ብሎ የሚመልስ ብርቅ ነው። አንዳንዱ ያፍራል። አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ያለ ሙያ ለብቻው መኖሩንም አያውቅም።

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚያስተናግድ ያየ ሰው ግን አይገረምም። ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ ገበሬ ከሩቅ ወረዳ ተጭኖ ይመጣል። ለወራት «አሜባ ነው» እየተባለ ክኒን ሲውጥ የከረመ ወጣት በመጨረሻ የአንጀት ካንሰር ይገኝበታል። ኪንታሮቱን መንገድ ዳር በተለጠፈ ማስታወቂያ ሄዶ ያስቆረጠ ሰው ፊንጢጣው ጠቦ ይመጣል። የሁሉም ደጅ አንድ ነው። ባለሙያው ግን ጥቂት ነው።

ይህን የጻፍኩት ለሀይስኩል ተማሪ፣ ለሕክምና ተማሪ፣ ለኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) እና ለጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነው። ያላችሁበትን ደረጃ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ አቋራጭ የለውም። መጀመሪያ ሬዚደንሲ በሚባለው ሥልጠና ሙሉ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ትሆናላችሁ። ጠባቡ ሙያ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥልጠናው ፌሎሺፕ ይባላል። ከ12ኛ ክፍል በኋላ 14 ዓመት ገደማ ቢወስድ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁት

ትልቁ አንጀት ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ ደንዳኔ አለ፤ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ፊንጢጣ። ሙያው ይህን ሁሉ ይይዛል፦ ካንሰር፣ የአንጀት መታጠፍ፣ የአንጀት ቁስለት፣ ኪንታሮት፣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ፣ ፊስቱላ (ከፊንጢጣ ውስጥ ወደ ውጭ ቆዳ የሚከፈት የመግል መንገድ)፣ የደንዳኔ መውጣት፣ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል። ኢንዶስኮፒውም፣ ማለትም በካሜራ ቱቦ አንጀትን ከውስጥ ማየቱም፣ የሥራው ክፍል ነው።

«ለዚህች ለታችኛዋ ክፍል ብቻ ሐኪም ለምን ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1835 ፍሬድሪክ ሳልሞን የሚባል ሐኪም ለንደን ውስጥ በፊስቱላና በደንዳኔ በሽታ ለሚሠቃዩ ድሆች ትንሽ የሕክምና ቤት ከፈተ። ዛሬ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል የሚባለው እሱ ነው። አሜሪካኖቹ በ1899 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

ለእኔ አሳማኙ ማስረጃ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኧርነስት ማይልስ የደንዳኔ ካንሰርን ከሆድም ከታችም ገብቶ ሙሉ በሙሉ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አሳተመ። ሕመምተኛው ይተርፋል፤ ዕድሜ ልኩን ግን የሚጸዳዳው በሆዱ በኩል ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1982፣ ቢል ሂልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሰርጀን ሌላ ነገር አሳየ። ደንዳኔው የተጠቀለለበትን ስብ ሳይቀዱ፣ በተፈጥሮ ድንበሩ ላይ እየተጓዙ ከነስቡ ማውጣት። ካንሰሩ እዚያው ቦታ ላይ የሚመለስባቸው ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። የተቀየረው የሰርጀኑ እጅ የሄደበት መንገድ ነው። ለዚህ ነው ሙያው ራሱን የቻለው።

ደረጃ 1፦ ሀይስኩልና ፍሬሽማን

እዚህ ብዙ አልቆይም። የተፈጥሮ ሳይንስ ትይዛላችሁ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከፍተኛ ውጤት ታመጣላችሁ፤ ፍሬሽማን ላይ ነጥባችሁን ትጠብቃላችሁ። ሕክምና የሚገባው በውድድር ነው።

አንድ ምክር ብቻ። እንግሊዝኛችሁን ከአሁኑ ሥሩበት። መጽሐፉም፣ ፈተናውም፣ የውጭ ማመልከቻውም በእሱ ነው። ባዮሎጂ ላይ ጎበዝ ሆነው በእንግሊዝኛ ምክንያት ፌሎሺፕ ያመለጣቸው ሰዎች አሉ።

ደረጃ 2፦ የሕክምና ትምህርት ቤት

የጎንደር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም ለማሠልጠን አልነበረም። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ጎንደር አቅራቢያ ያለውን ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ መትቶት ነበር። በገጠር የሚሠሩ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ያስፈልጉ ነበርና ለእነሱ ተቋቋመ። የሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ1978 ነው፤ በጊዜው ምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕሲሽ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር። ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ የማውጣት ልማዱ ዛሬም አለ። አትናቁት። ሕመምተኛው ለምን ዘግይቶ እንደሚመጣ የሚገባችሁ ቤቱን ስታዩት ነው።

ትምህርቱ ፍሬሽማንንና ኢንተርንሺፕን ጨምሮ ከ6 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ፒሲ (ወደ ሕመምተኛ ከመውጣታችሁ በፊት ያለው የክፍል ትምህርት) ላይ ሳላችሁ አናቶሚን ለፈተና ብቻ አታንብቡ። ትልቁን አንጀት የሚመግቡት ሁለት ዋና የደም ሥሮች ናቸው፤ የሁለቱ ግዛት የሚገናኝበት በግራ በኩል፣ ጣፊያው አጠገብ ያለው ጥግ ደም የሚያንሰው ቦታ ነው። ዳሌ ውስጥ ከደንዳኔው ጎንና ጎን የሚወርዱት ነርቮች ደግሞ ሽንትንና የወሲብ አቅምን ይቆጣጠራሉ። ሰርጀን ሆናችሁ አንዱን ብትቆርጡ ካንሰሩ የዳነለት ሰው ትዳሩ ሊናጋ ይችላል። ይህን እያሰባችሁ ካነበባችሁት አይረሳም።

ክሊኒካል ስትገቡ ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር ተማሩ፤ መጠየቅና በጣት መመርመር።

መጠየቁ ከባድ ነው። ከወገራ የመጣ አንድ አዛውንት ቄስ የልጅ ልጃቸው ለሚሆን ተማሪ ስለ መቀመጫቸው መናገር ይከብዳቸዋል። ሰው በተሰበሰበበት ራውንድ ላይ አትጠይቁ። መጋረጃውን ሳቡ፤ ወንበር ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። «አባቴ፣ ውጭ ሲወጡ ደም ያያሉ? ደሙ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው ወይስ በኋላ ይንጠባጠባል? ከወጡ በኋላ ያልጨረሱ ይመስልዎታል?» በሉ። ተቀላቅሎ የሚመጣ ደም፣ የተለወጠ አመል፣ ያልጨረሱ መምሰል፣ የክብደት መቀነስ፦ እነዚህን የሰማ ተማሪ «ኪንታሮት ነው» ብሎ አያልፍም። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል።

ምርመራው ደግሞ አጭር ነው። አስረዱ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ በግራ ጎናቸው ይተኙ፣ ከወገብ በታች በአንሶላ ይሸፈኑ። ሴት ከሆነች ነርስ ትኑር። «ጣቴን አስገብቼ አያለሁ። ካመመዎት ይንገሩኝ፣ አቆማለሁ።» ከፊንጢጣ አፍ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለ ዕጢ በጣት ይገኛል። ሲቲ ስካን የሚጠብቅ ወረፋ አያስፈልገውም፤ ጓንትና ቅባት ይበቃል። ይህን ምርመራ የሚዘል ኢንተርን ብዙ ነው። እናንተ አትዝለሉ።

ለሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። «ቀዶ ሕክምና የወንድ ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። ወንድ ሐኪም እንዳያያት ብላ ሕመሟን ለዓመታት ደብቃ የኖረች እናት ግን ስትገቡ ስታያችሁ ፊቷ ይፈታል። በዚህ ሙያ ውስጥ የሴት ሰርጀን ጥቅም ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ደረጃ 3፦ የጂፒነት ዓመታት

ፈቃድ ፈተናውን አልፋችሁ ወደ ሥራ ስትወጡ ደባርቅ ሊደርሳችሁ ይችላል፤ መተማ ሊደርሳችሁ ይችላል። ይህን ጊዜ «እስክገባ ድረስ መጠበቂያ» አድርጋችሁ አትዩት። ለዚህ ሙያ መሠረቱ የሚጣለው እዚህ ነው።

ሆዱ የተነፋና ሰገራም ፈስም አልወጣ ያለው ሰው ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ ልመዱት። ሁለት ትልልቅ የደም ሥር መስመር ክፈቱ፤ ፈሳሽ ስጡ፤ በአፍንጫ ቱቦ አስገቡ፤ የሽንት ቱቦ አስገብታችሁ ሽንቱን ለኩ፤ አንቲባዮቲክ ጀምሩ። ራጅ አንሱ። የታጠፈ ሲግሞይድ (ከደንዳኔው በላይ ያለው ጠመዝማዛ የትልቁ አንጀት ክፍል) ራጅ ላይ ከዳሌ ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ትልቅ የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል፤ በሕክምናውም ዓለም ስሙ ይኸው ነው፣ የቡና ፍሬ ምልክት።

በብዙ የወረዳ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ፤ ሐኪም ባይሆኑም በማስተርስ ደረጃ የሠለጠኑ ናቸው። ከእነሱ ጋር ቁሙ። «እኔ ዶክተር ነኝ» ብላችሁ አትኩሩ። ብዙ የታጠፈ አንጀት ያወጣ እጅ ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ሪፈር ስትጽፉ ደግሞ ሰዓት ጻፉ። ሕመሙ መቼ ጀመረ? መጨረሻ የወጡት መቼ ነው? ምን ያህል ፈሳሽ ተሰጠ? «አኪዩት አብዶመን» (ድንገተኛ የሆድ ሕመም) ብቻ ተጽፎበት የሚመጣ ወረቀት ለተቀባዩ ሰርጀን ምንም አይነግረውም።

ደረጃ 4፦ እጃችሁን አሠልጥኑ

ሬዚደንሲ እስክትገቡ አትጠብቁ። አንጀት መስፋት በቤት ውስጥ ይለመዳል።

ሥጋ ቤት ሂዱና የበሬ ወይም የበግ አንጀት ጠይቁ። ዓቢይ ጾም ከሆነ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የሙስሊም ሥጋ ቤት ግን ክፍት ነው። በዓል ሲደርስ ቤት ውስጥ በግ መታረዱ አይቀርም፤ «አንጀቱን እንዳትጥሉብኝ» በሉ። ደህና አድርጋችሁ እጠቡት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ጄሪካኑን ቀድማችሁ ሙሉ፤ እናት ለዚህ ሥራ የምግብ ውኃ አትሰጥም።

ክር ከኦፕሬሽን ክፍል ይገኛል። ጊዜው ያለፈበትን ለልምምድ ስጡኝ ብላችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። ሦስት ዜሮ ቪክሪል (በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ስስ ክር) ጥሩ ነው። መርፌ መያዣ፣ ፒንሴትና መቀስ ግዙ። እነዚህ የልምምድ ዕቃዎች ወደ ሆስፒታል ተመልሰው እንዳይገቡ።

አሁን አንጀቱን ለሁለት ቁረጡት። ሞራው የተያያዘበት ጎን አለ፤ ተቃራኒው ጎን አለ። በሁለቱ ጥግ አንዳንድ ክር አስገብታችሁ ወጥሩት፤ ያኔ አፍና አፉ ገጥሞ ይቆማል። ከዚያ በመካከል አንድ በአንድ ስፉ። መርፌው ከጠርዙ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይውጋ፤ በስፌትና በስፌት መካከልም ያን ያህል ይሁን። የአንጀት ግድግዳ ንብርብር ነው። ክር የሚይዘው ከውስጠኛው ሽፋን ቀጥሎ ያለው ስስ ንብርብር ነው፤ ይህን ዊልያም ሆልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1887 አሳይቷል። እሱን ካላገኛችሁት ስፌቱ ያምራል እንጂ አይይዝም።

ቋጠሮው ጠርዞቹን ያገናኝ እንጂ አያንቅ። ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ነው፤ ጠበቅ ባደረገ ቁጥር የበረታ ይመስለዋል። በሕይወት ያለ አንጀት ላይ ያ ቋጠሮ ደም ያቆማል፤ ደም የቆመበት ስፌት ደግሞ ከቀናት በኋላ ይከፈታል።

ስትጨርሱ አንዱን ጫፍ እሰሩ፤ በሌላው በኩል ጥቂት ቤታዲን የተቀላቀለበት ውኃ በሲሪንጅ ሙሉና ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። የሚያንጠባጥብበትን ቦታ እዩ። ብዙውን ጊዜ የሞራው ጥግ ነው፤ ስቡ ግድግዳውን ስለሚሸፍነው መርፌው ይስታል። በሚቀጥለው ከዚያ ጥግ ጀምሩ።

«ስቴፕለር (አንጀት በብረት የሚሰፋ መሣሪያ) እያለ በእጅ መስፋት ለምን?» የሚል አለ። ስቴፕለር ውድ ነው፤ በየሆስፒታሉም አይገኝም። ቢኖርም ይከሽፋል። ያን ጊዜ የሚያድናችሁ እጃችሁ ነው።

ላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ በካሜራ እያዩ መሥራት) ለመልመድም ማሽን አትጠብቁ። ካርቶን፣ ስልክ ካሜራና ያረጁ ረጅም መሣሪያዎች በቂ ናቸው። ስክሪን እያዩ እጅን ማዘዝ መጀመሪያ ያናድዳል፤ በኋላ ይለመዳል።

ደረጃ 5፦ ሬዚደንሲ መግባት

በአገራችን ስፔሻሊቲ የሚገባው በብሔራዊ የሬዚደንሲ ፈተናና ምደባ ነው፤ ሁሉም ኢአርኤምፒ ይለዋል። ትፈተናላችሁ፤ ከዚያ የትምህርት ክፍልና ዩኒቨርሲቲ ትመርጣላችሁ። የጤና ሚኒስቴር የየዓመቱን ጥሪ ራሳችሁ አንብቡ። የአገልግሎት ዘመን፣ ስፖንሰር፣ የድጋፍ ደብዳቤ እየተባለ የሚጠየቀው ነገር ይለዋወጣል። የቴሌግራም ግሩፕ ወሬ ላይ አትደገፉ።

ምርጫችሁ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ይሁን። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ነው።

የት? «አዲስ አበባ ካልሆነ» የሚል አስተሳሰብ አለ። እኔ አልስማማም። ለዚህ ሙያ ጎንደርን የሚያህል ትምህርት ቤት በቀላሉ አይገኝም። በኢትዮጵያ የትልቅ አንጀት መዘጋት ዋና ምክንያት የሲግሞይድ መታጠፍ ነው፤ በሰሜኑ ደጋ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ በወንዶች። አሰር የበዛበት ምግባችን አንጀቱን ስለሚያስረዝመው ነው የሚል መላምት አለ። ምዕራባውያን ሬዚደንቶች በመጽሐፍ የሚያውቁትን እናንተ በተረኛነት ሌሊት ታዩታላችሁ። ኤምአርአይና ላፓሮስኮፒ በብዛት ለማየት ከሆነ ሌላ ቦታ ይሻል ይሆናል። ያ ግን በኋላ በፌሎሺፕ ይሞላል።

ደረጃ 6፦ በሬዚደንሲ ውስጥ ወደ ሙያው ማዘንበል

ሁሉንም ተማሩ፤ እንቅርቱንም፣ ሐሞት ከረጢቱንም። ታች ያለው ግን የእናንተ ይሁን።

በታጠፈ አንጀት ጀምሩ። አንጀቱ ገና ካልሞተ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ አየሩን ማስወጣት ይቻላል። ቱቦው ሲያልፍ የሚወጣውን ነገር ከፊቱ ቆሞ የሚጠብቅ ጀማሪ ሁሉ ትምህርቱን ያገኛል፤ ጎን ቁሙ። ሕመምተኛው ወዲያው ይቀለዋል፤ «ድኛለሁ፣ ልሂድ» ይላል። አትልቀቁት። ተመልሶ የመታጠፍ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ እዚያው ተኝቶ ሳለ ረዝሞ ያስቸገረው ክፍል ቢወጣ ይሻላል። ትኩሳት፣ የሆድ መደደር ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ካለ ግን ቱቦው ቀርቶ ቀጥታ ወደ ኦፕሬሽን ነው። የሞተውን አንጀት ደግሞ ከፍታችሁ ስታገኙት ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ደም ሥሩን ያዙ፤ አለዚያ የታጠረው መርዝ ወደ ደም ይለቀቃል።

የሞተውን ካወጣችሁ በኋላ ውሳኔው ይመጣል። ሁለቱ ጫፎች እዚያው ይገናኙ ወይስ ላይኛው ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ ሰገራው ከረጢት ውስጥ ይግባ? ሁለተኛውን መንገድ ያስተዋወቀው አንሪ ሃርትማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921። በደከመና ግፊቱ በወረደ ሰው ላይ ነፍስ ያድናል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ከረጢቱን ይዞ ወደ አገሩ ይሄድና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት የሁለት ዘመድ ስልክ ያዙ፤ የሚመለስበትን ወርም ጻፉለት። እህል ሲታጨድ ወይም በሰኔ እርሻ ጊዜ ብትቀጥሩት አይመጣም።

የሆድ ላይ መውጫውን ቦታ መምረጥም እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ ሥራ ነው። ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ሳለ ብቻ አትምረጡ። አስቁሙት፤ ዱካ ላይ አስቀምጡት፤ እንደሚያጭድ ሰው አስጎንብሱት። መቀነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ራቁ። ራሱ የሚያየው ቦታ ላይ አድርጉና በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉ። ስለ ከረጢቱ ዋጋና ስለሚገኝበት ቦታም ከኦፕሬሽኑ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። «ቤተ ክርስቲያን መግባት እችላለሁ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ይኖራል፤ ስለ ውዱእ የሚጠይቃችሁም ይኖራል። እናንተ ፍርድ አትስጡ። ምን እንደሚወጣና ከረጢቱ እንዴት እንደሚዘጋ አስረዱት፤ ከፈለገ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ይዞ ይምጣና አብራችሁ ተነጋገሩ።

ፊስቱላን አትናቁ። ሬዚደንቶች «ትንሽ ኦፕሬሽን» ብለው የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያደርጉታል። ለእኔ ግን ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ ይቀላሉ። አለን ፓርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ፊስቱላን በመዝጊያ ጡንቻው በኩል በሚያልፍበት መንገድ በአራት ከፍለውታል። ይህን ምደባ ሳታውቁ ቢላ አታንሱ። ጡንቻውን አብዝታችሁ ከቆረጣችሁ መግሉ ይደርቃል፤ ሰውየው ግን ሰገራውን መያዝ አይችልም፤ ከዕድርም ከማኅበርም ይቀራል። ሲያጠራጥር ልል ክር አሳልፎ ማቆየትና ሲኒየር መጥራት ነው።

ካንሰሩን ብቻችሁን አትያዙት። ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ፊልሙን እዩ፤ ከኦንኮሎጂስቱ ጋር ከኦፕሬሽኑ በፊት ተማከሩ፤ ከፓቶሎጂስቱ ጋር ወዳጅ ሁኑ። ያወጣችሁትን አንጀት በባልዲ አትላኩለት። ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛው ጫፍ ላይኛው እንደሆነ አሳዩት። ቢያንስ 12 ንፍፊት እንዲታይ ጠይቁ፤ ከዚያ በታች ከሆነ የካንሰሩን ደረጃ ማመን ይከብዳል።

ይህን ሁሉ መዝግቡ። ሎግ ቡክ (የሠራችሁት ኦፕሬሽን መዝገብ) ላይ «ረዳሁ፣ በክትትል ሠራሁ፣ ራሴ ሠራሁ» ብላችሁ ለዩ። ከእሱ ጎን ሌላ መዝገብ ይኑራችሁ፦ በ30 ቀን ውስጥ ምን ሆነ? ስፌቱ ለቀቀ? ቁስሉ መረቀዘ? ሞተ? ስም አትጻፉ፤ የካርድ ቁጥር ይበቃል፤ ፋይሉም በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ፌሎሺፕ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው የሠራውን ብዛት ይናገራል። ኦፕሬሽን የሠራለት ሕመምተኛ በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አመልካች ግን ጥቂት ነው። ከዚህ መዝገብ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ፈቃድ አስፈቅዳችሁ፣ የምርምር ጽሑፍም ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ፌሎሺፕ

መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንዲሁ።

በአገር ውስጥ ጥሪ ሲወጣ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ። በዓመት ስንት የደንዳኔ ካንሰር ይሠራል? ፌሎው ራሱ ይሠራል ወይስ ያያል? ኮሎኖስኮፒ (የትልቅ አንጀት ኢንዶስኮፒ) በሳምንት ስንት ቀን ነው? ከእናንተ በፊት የጨረሰ ሰው ካለ ስልኩን አፈላልጋችሁ ደውሉ። ብሮሹር የማይነግራችሁን በአንድ ቡና ይነግራችኋል።

ኮሴክሳን እወቁ። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የሰርጀኖች ኮሌጅ ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ከ2 ዓመት ሥልጠና በኋላ የአባልነት ፈተና አለው፤ በጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ፌሎው ለመባል በድምሩ 5 ዓመት ይጠይቃል። ከአገራችን ሬዚደንሲ ጎን ለጎን የሚወስዱት አሉ። ወረቀቱ በአካባቢው አገሮች ይታወቃል፤ ፈተናው ራሱም ያስተካክላችኋል።

እንግሊዝ አገር ይህ ሙያ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ቅርንጫፍ ነው። ለውጭ ሐኪሞች ኤምቲአይ የሚባል ፕሮግራም አላቸው፤ ቢበዛ ለ2 ዓመት ሠርታችሁ ተምራችሁ ወደ አገራችሁ ትመለሳላችሁ። የእንግሊዝኛ ፈተና ያስፈልጋል። ስፔሻሊስት ሆኖ ክህሎት ለመጨመር ለሚፈልግ ሰው ይህ መንገድ ለእኔ ከሁሉ ይሻላል።

አሜሪካ ሌላ ነው። እዚያ ቦርድ ያለው የትልቅ አንጀት ሰርጀን ለመሆን 5 ዓመት የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ፣ በላዩ 1 ዓመት ፌሎሺፕ አለ። ጎንደር የጨረሳችሁት ሬዚደንሲ አይተካውም። ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች አልፋችሁ ከሀ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ አሜሪካን የምታስቡ ከሆነ ውሳኔው ከሬዚደንሲ በፊት ይሁን። 4 ዓመት እዚህ ደክሞ እንደገና ኢንተርን መሆን የሚያማርር ነገር ነው። ለጥቂት ወራት በታዛቢነት መሄድ ግን ይቻላል፤ ቢላ ባትይዙም የዳሌን ኤምአርአይ ማንበብና የካንሰር ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ታያላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመፈረማችሁ በፊት የአሠሪያችሁን ውል አንብቡ። ስፖንሰር ያደረጋችሁ አካል ስንት ዓመት እንድታገለግሉት ይጠይቃል? ስትመለሱ የኦፕሬሽን ቀን ይሰጣችኋል? ኮሎኖስኮፕ አለ? ሠልጥኖ መጥቶ ዕቃ በማጣት እንቅርት ሲሠራ የሚኖር ሰርጀን አለ። የሚገባላችሁን ቃል በጽሑፍ አድርጉት።

ሰነዶቻችሁን ደግሞ አሁኑኑ አሰናዱ። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የሬዚደንሲ ሰርተፊኬት፣ የተፈረመ ሎግ ቡክ፣ ከሁለት ወይም ሦስት ሲኒየሮች የድጋፍ ደብዳቤ። ስማችሁ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል ቢለይ ወራት ይበላል። እንግሊዝም አሜሪካም ዲግሪያችሁን በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ያረጋግጣሉ፤ እንግሊዝ የምትጠቀመው ሥርዓት ኤፒክ ይባላል። ሬጅስትራሩ መልስ እስኪሰጥ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። ከመዝጊያው ቀን ብዙ ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ከላካችሁ በኋላም ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ጥያቄው መድረሱን ጠይቁ።